ከመቶ ሃያው ቀን በፊት

ዓፊያ ልጅ ሳለች፣ ጨፋ ሮቢት አያቷ ቤት፣ እናቷና አክስቷ ሳቢራ ከግድግዳ ወዲያ ሲንሾካሾኩ ሰምታለች። «ልጁ ደህና አይደለም ሲሉኝ፣ መቶ ሃያው ቀን ሳይሞላ ነው ያስወረድኩት፤ ሩህ፣ ነፍሱ፣ ገና አልገባበትም ብለውኛል» ትል ነበር ሳቢራ። እናቷ የመለሰችው ጠፍቶባታል። የአክስቷ ጥያቄ ግን አልጠፋባትም፦ «ደህና ከነበረስ? ማን አየው?»

አሁን ዓፊያ ራሷ እርጉዝ ናት፤ አራተኛ ወሯን ይዛለች። በአልትራሳውንድ የፅንሱ ማጅራት አበጥ ብሎ ስለታየ፣ አዲስ አበባ ከእንግዴ ልጁ ናሙና ተወስዶላት ነበር። ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ ደወለ። ስልኩን ዘግታ ከሚሴ ገበያ ዳር ወዳለው የባሏ የእህል መጋዘን ሄደች።

«ምን አለ?» አላት ዘይኑ።

«ድብልቅ ነው አለ። ካዩዋቸው ሴሎች ጥቂቶቹ ትርፍ ክሮሞሶም አላቸው፣ የቀሩት ደህና ናቸው። ሞዛይክ ይሉታል።»

«ማል ጄታ! ምን ማለትሽ ነው? ልጅ ግማሹ ደህና፣ ግማሹ በሽተኛ ይሆናል እንዴ?»

«ትርፉ እንግዴ ልጁ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ልጁም ላይ ሊኖር ይችላል። ከእንሽርት ውሃው በመርፌ ተቀድቶ ካልታየ አይታወቅም። መልሱ ሦስት ሳምንት ይፈጃል።»

ዘይኑ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መቶ ሃያው ሊሞላ ዐሥራ አንድ ቀን ነው የቀረን። ከዚያ ወዲያ ማስወረዱን ሼኹም አይፈቅዱልንም። አሁኑኑ ይብቃን፣ ዓፊያ። ወላሂ፣ ላንቺው ብዬ ነው።»

በዚህ መሃል አባ ዑመር የሚባሉ ገበሬ አህያቸውን እየነዱ ገቡ። ዘይኑ የእህል ናሙና የሚያወጣበትን መውጊያ ብረት አንስቶ ማሽላቸውን ከጆንያው አፍ ላይ ወጋ። የወጣው ጠቁሯል። ቀጥሎ ወገቡን፣ ከዚያ ሥሩን ወጋ፤ ነጭ።

«አፉን ዝናብ ነክቶት ነው፤ የቀረው ደህና ነው፣ ይራገፍ» አለ።

«አንተ እኮ ሦስት ቦታ ሳትወጋ እናትህንም አታምን!» አሉ አባ ዑመር እየሳቁ፣ ሌላውን ጆንያ ሊያወርዱ ወጡ።

«የሳቸውን እስከ ሥሩ አየህ» አለች ዓፊያ። «የኔን ከአፉ ፈረድክ።»

«ጆንያና ልጅ አንድ ነው?»

«አይደለም። ጆንያ ቢሆን፣ ተሳስተህ ብትጥለውም መልሰህ ታመጣው ነበር።»

«ሐኪሙ ያኔ መርፌው ራሱ ሊያስወርድሽ ይችላል ብሎን የለ?»

«ብሏል። አልፎ አልፎ።»

«መልሱ ክፉ ሆኖ ቢመጣስ? ቀኑ አልፎ?»

«እናሳድገዋለና። ሳቢራ ግን ይኸው ሠላሳ ዓመት፣ ማን አየው እያለች ነው። እኔ እንደሷ አልጠይቅም።»

ዘይኑ ብረቱን አስቀምጦ ወደሷ ቀረበ። አባ ዑመር ከውጭ ሁለት ጊዜ ጠሩት።

«ቅዳሜ አዲስ አበባ እንሄዳለን» አለ። «ሲወጉሽ አብሬሽ እገባለሁ። መልሱ እስኪመጣም ቀን አልቆጥርም።»