ወንበሩን የያዘችው ኪኒን

ጋሽ መቀስ ይሉታል፤ አርባ ዓመት የሰው ጭንቅላት ሲያስተካክል ኖሮ የራሱን ጭንቅላት ለመጠጥ አሳልፎ የሰጠ ፀጉር አስተካካይ ነው። ጠዋት ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንድ ቀን የደንበኛውን ጆሮ ጫር ሲያደርግ ሴት ልጁ አየችው። «አባዬ፣ እንዲህ ከሆንክ ልጄን አትነካውም። የመጀመሪያ ፀጉሩን ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ይቆርጠዋል» አለችው። ማዶ ያለው! ያ መላጣ እንኳ አበላሽቶ የሚልክ! ጋሽ መቀስ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። በማግስቱ ክሊኒክ ሄደ።

ሐኪሟ ጉበቱን አስመረመረች፤ ሙያውን ስትሰማም ፈገግ አለች። «አንጎልዎ ውስጥ ወንበሮች አሉ። ሲጠጡ አንጎልዎ የደስታ ንጥረ ነገር ያመነጭና መጥቶ እዚያ ይቀመጣል፤ ‹ድገም፣ ድገም› የሚያሰኝዎት እሱ ነው። ይቺ ኪኒን ቀድማ ወንበሩን ትይዛለች። ከመጠጣትዎ አንድ ሰዓት በፊት ይዋጧት። ቀስ በቀስ አንጎልዎ ተስፋ ይቆርጣል።»

እሱ ግን ወንበር የሚያውቀው በፀጉር ቤት ሕግ ነው፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይቀመጣል። ኪኒኗን ውጦ፣ ሰዓቷን ጠብቆ፣ መጠጥ ቤት ገባና ቢራ አዘዘ። ምንም የለም። «ተራው አልደረሰም ማለት ነው» ብሎ ጠበቀ። ሁለተኛ አዘዘ። አሁንም ምንም። ኪኒኗ ሆዬ ወንበሩ ላይ ተደላድላ ቁጭ ብላለች።

ይባስ ብሎ ጓደኛው ሬዲዮ፣ አፉ ስለማይዘጋ የወጣለት ስም ነው፣ ሱሪው የተቀደደበትን ቀን ማውራት ጀመረ። ጋሽ መቀስ አሥራ ሁለት ዓመት እንባው እስኪፈስ የሳቀበት ወሬ ነው። ዛሬ ቢያዳምጠው ጨው የለው፣ ቅመም የለው። ለካስ ሲያስቀው የኖረው ቢራው ነው!

«ምነው፣ አመመህ እንዴ?» አለው ሬዲዮ።

«አይ፣ ሰልችተኸኝ ነው።»

ይህን እንዳለ ሳቁ አመለጠው። ግማሽ ቢራውን ትቶ ሲነሣ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት «ዝንብ ገባበት?» አለችው፤ እየሳቀ ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ብቻውን እየተንከተከተ መንገድ ሲሻገር ያየው ሁሉ፣ ዛሬስ ለየለት ብሎ አማው።

እርግጥ ባንድ ጀምበር አልተላቀቀም። ኪኒኗን እያወቀ የተዋት ሁለት ክፉ ቀናት ነበሩ፤ ለሐኪሟ ሳይደብቅ ነገራት፣ እንደገና ጀመሩ። በአራተኛው ወር ግን መጠጥ ቤቱን አልፎ ሄዶ፣ ማለፉ ትዝ ያለው ቤቱ ሲደርስ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሴት ልጁ ሕፃኑን አዝላ መጣች። የሕፃኑ ፀጉር ዓይኑ ላይ ወርዷል፤ ማዶ ሳትወስደው ይህን ሁሉ ጊዜ ጠብቃ ኖሯል። አውርዳ የልጆች መቀመጫው ላይ አሰረችለት።

የጋሽ መቀስ እጅ ዛሬ ጸጥ ብሏል። ሕፃኑ ይፈነጫል፤ አያት አንዴ ዝንብ፣ አንዴ ባቡር እየሆነ ያጫውተዋል፣ ይቆርጣል። ደስታው አላስችል ብሎት ሲጨርስ «እስቲ እዪው፣ እናቱ» ብሎ ዞረ።

እሷን ግን፣ የአባቷን እጅ መጠበቁን ትታ፣ አግዳሚው ላይ ጭንቅላቷን ግድግዳ እንዳስደገፈች እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወስዷታል።