የደብዛዛዋ ትከሻ

ቤተሰቦቿ ባሩድ ይሏታል፤ ክብሪት ሳይጫርም ትነዳለች ለማለት። ያን ዕለት ግን ክብሪቱን የጫሩት አጎቷ ነበሩ።

በትልቁ ሕንፃ መግቢያ አዳራሽ ሁለት የብረት ሴቶች ፊት ለፊት ቆመዋል። ሁለቱም ከማይዝግ ብረት የተሠሩ፣ ሁለቱም ከሰው ቁመት የሚበልጡ፣ ሁለቱም የባሩድ ሥራ ናቸው። አንደኛዋ እንደ መስታወት ተወልውላለች። ሌላዋ ደብዛዛ ናት፤ ከትከሻዋ እስከ እግሯ ፀጉር የመሰለ ቀጭን ጭረት ወርዶባታል፣ ብርሃን ሲያርፍባት ትውጠዋለች እንጂ አትመልስም። ደብዛዛዋ በአንጸባራቂዋ ገላ ውስጥ ትታያለች፤ ለዚህ ነው አንዷ ያለ ሌላዋ የማትሆነው። የሕንፃው ኃላፊ ከምሳ በፊት አይታ ከወደደቻቸው እዚያው ወለሉ ላይ በብሎን ይታሰራሉ። ካልወደደቻቸው ወደ መጋዘን ይመለሳሉ። እዚያ ከገቡት ሥራዎቿ አንድም ተመልሶ የወጣ የለም።

ባሩድ የጣት አሻራ እንዳይቀር ጓንት አጥልቃ አንጸባራቂዋን በለስላሳ ጨርቅ ስትጠርግ፣ ብረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ብልጭ አለ። ዞረች። አጎቷ መሰላል ላይ ወጥተው የደብዛዛዋን ትከሻ በጨርቅ ይፈትጋሉ።

"ጋሼ! ምን እያደረጉ ነው?"

"እያገዝኩሽ ነዋ። ይቺኛዋን ረስተሻት።"

ዕድሜ ልካቸውን የተጋጨ መኪና ሲያቀኑ የኖሩ ባትላሜራ ናቸው። ደብዛዛ ብረት ካዩ እጃቸው አያርፍም፤ እንግድነት ሄደው የሰው በር እጀታ ወልውለው እንደመጡ ይወራል። የክሮም ማንጸባረቂያ ቅባት ከኪሳቸው አይለይም። አሁንም ደብዛዛዋ ትከሻ ላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ እንደ ራሰ በራ ያበራል።

"አልረሳኋትም! እንዲህ ናት!"

"እንዲህ ናት?" አጎቷ ጨርቁን ዝቅ አደረጉ። "እኔ ደግሞ ደክሞሽ የተውሻት መስሎኝ። በይ ነይ፣ ከበሩ እናዙራት፤ ማን ያያል?"

ተጋግዘው አዞሯት። ራሰ በራው ከበሩ በኩል ጠፋና አንጸባራቂዋ ደረት ላይ እጥፍ ሆኖ ቦግ አለ።

"ወይ ጉድ፣ ሐሜተኛ ናት እንዴ ይቺ?" አሉ አጎቷ። ባሩድ አልሳቀችም።

መልሰው አቆሟት። ቦታውን ብቻ ብትነካው ድንበሩ ያስታውቃል። የብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልሎ፣ ከትከሻ እስከ እግር፣ በጭረቱ አቅጣጫ፣ ሳይቆሙ መሳብ ብቻ ነው መፍትሔው። መሃል ላይ ያረፈ እጅ ጠባሳ ይተዋል። ስትሠራት ጠረጴዛ ላይ አጋድማት ነበር፤ አሁን ግን ቆማለች፣ መሰላሉ ላይ የወጣችው ባሩድ ክንድ ደግሞ ከሐውልቷ ወገብ በታች አይደርስም።

"ይንበርከኩ ጋሼ። ወገቧ ጋ ስደርስ እንጨቱን ይቀበሉኛል።"

"ጉልበቴን እያወቅሽ..."

"ቅባቱን ሲያወጡ ጉልበትዎ የት ነበር?"

ተንበረከኩ። መጀመሪያ ብረቱን ሳይነኩ በአየር ላይ ሞከሩት። አጎቷ መንጭቀው ወሰዱት።

"አይንጠቁኝ! እጄ ላይ ይከተሉ፣ ከዚያ እለቅልዎታለሁ።"

"እሺ፣ አትጩሂ፣ እጄ ይደነግጣል።"

ሊፍቱ ተከፈተ። ኃላፊዋ ሁለት ሰዎች አስከትላ ወጣች። "ደረሰ?"

ባሩድ መሰላሉ ላይ እንዳለች፣ "አልደረሰም። እዚያው ይቁሙ" አለች። አጎቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ኃላፊዋ ግን ቆመች።

ባሩድ ሳበች። ትከሻ፣ ጡት፣ ጎን። ጣቶቿ ሊቸኩሉባት ፈለጉ፤ ጥርሷን ነክሳ ያዘቻቸው። ወገቡ ላይ የአጎቷ ሻካራ እጅ እጇን ነካ፣ አብሮ ወረደ፣ ለቀቀችላቸው። እንጨቱ ሳይቆም እግሯ ላይ ደረሰ። ደገሙት። አሁንም ደገሙት። ጓንቷ በላብ ራሰ።

አቧራውን ጠረገችና ወረደች። ኃላፊዋ ደብዛዛዋን ዞራ አየች፣ ከዚያ አንጸባራቂዋ ውስጥ ፈለገቻት። ጣቷን በአየር ላይ ወደ ትከሻው ቀሰረች።

"እዚህ ጋ ትንሽ ይነጣል።"

"አዎ" አለች ባሩድ። "ከዚህ በላይ ከነካሁት ይብሳል። እንዲህ ናት።"

ኃላፊዋ ወደ ኋላ ራቅ ብላ እንደገና አየች። ተከታዮቿ ፊቷን ያያሉ እንጂ ሐውልቶቹን አያዩም።

"ብሎኑን አምጡ" አለች በመጨረሻ።

ባሩድ ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ አለች።

"ያንን ቅባት ይዘው ሁለተኛ እዚህ ደጅ እንዳይደርሱ" አለቻቸው።

"አልደርስም" አሉ አጎቷ፣ አሁንም እንደተንበረከኩ። "አሁን ነይና አንሺኝ፤ እኔንም በብሎን ሳያስሩኝ።"