የእሁድ ቁራሽ

ሄልቪ ራንታላ የሙሽራ ልብስ ታስተካክላለች። በካናዳዋ ከተማ በተንደር ቤይ ውስጥ ቬሎ ገዝታ የጠበባት፣ የሰፋት ወይም የረዘመባት ሴት ሁሉ መጨረሻዋ የሄልቪ ሱቅ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ ሥራ ስትኖር ከአፏ ክፉ ቃል የሰማች ሙሽራ የለችም። ሆዴ አስቀያሚ ነው ላለቻት፣ "ሆድሽ ምን አደረገ? ጥፋቱ ልብሱን የሰፋው ሰውዬ ነው" ትላታለች። ክንዴን ደብቂልኝ ላለቻት ደግሞ፣ "በዚሁ ክንድ አይደል እንዴ ባልሽን የምታቅፊው?" ብላ ታስቃታለች። ይህን ሁሉ የምትለው ገበያ ለመሳብ አይደለም፤ ከልቧ ነው።

ወደ ራሷ ሲመጣ ግን ሌላ ሴት ነበረች። ሱቋ ውስጥ ሦስት ትልልቅ መስታወቶች አሉ፤ አንድም ቀን ፊታቸው ቆማ አታውቅም። ጨርቅ ታቅፋ በአጠገባቸው ስታልፍ እንኳ ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች።

ነገሩ የጀመረው በአሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የቤቱ ሴቶች ሁሉ እንደ ፊንላንዳውያን ልማድ በእንፋሎት መታጠቢያው፣ በሳውናው ውስጥ ተቀምጠው ሳለ፣ አክስቷ ላይና ከላይኛው መደብ ላይ ሆና ቁልቁል አየቻትና "ይቺን ልጅ አያችኋት? ጭኗ የእንጨት ቆራጭ ነው። ኧረ ማን ይሆን የሚወስድልን!" አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እናቷም አብራ ሳቀች። ላይና ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ምናልባት ገና ልብሷን ሳትለብስ የተናገረችውን ረስታዋለች። ሄልቪ ግን አልረሳችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው እያያት ጠግባ በልታ አታውቅም።

ወሳጁ ተገኘ። ራውኖ ይባላል፤ ከጫካ ግንድ የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ድምፁ ትልቅ፣ እጁ ትልቅ፣ ሳቁ የትም የሚሰማ ሰው ነው። መብላት ይወዳል፤ ከመብላትም ደግሞ ወጥቶ መብላት። "ቤት ስበላ ሆዴ ይጠግባል፣ ውጭ ስበላ ግን እኔ እጠግባለሁ" ይል ነበር። እሁድ እሁድ ጠዋት ሄልቪን ይዞ ፊንላንዳውያን ወደሚያዘወትሩት የምድር ቤት ምግብ ቤት ይወርዳል። ደረጃው ላይ ገና ሳሉ የጋለ ቅቤ ሽታ ይቀበላቸዋል። የዚያ ቤት ፓንኬክ ስስና ሰፊ ነው፤ ከሳህኑ አልፎ ዙሪያውን ይንጠለጠላል።

"አንቺስ?" ትላለች አስተናጋጇ ሳይማ፣ መልሱን እያወቀችው።

"ሻይ ብቻ። ቤት ቀምሻለሁ።"

"ቤት ምን ቀመስሽ? የግድግዳውን ቀለም?" ይላል ራውኖ።

ሄልቪ ትስቅና ሻይዋን ታማስላለች። ዓይኗ ግን ከሳህኑ አይነቀልም። ራውኖ የእንጆሪ ማርማላታውን ዳር እስከ ዳር ይቀባል፤ ይጠቀልላል፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲጎርስ ዓይኑን ይጨፍናል። እሷ በአፏ የሞላውን ምራቅ በሻይ ታወርደዋለች። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ መዳፍ የምታህል ቁራሽ ትቀራለች፤ ማርማላታው የሚበዛውም እሷ ላይ ነው። ያኔ ሳህኑን ወደ ጠረጴዛው መሀል ገፋ ያደርግና "በቃኝ" ይላል።

"ካልጨረስከው ለምን ታዛለህ?" ትለዋለች።

"ያዘዘው ሆዴ ነው፤ እኔን ምን ትጨቀጭቂኛለሽ፣ አንቺ ሴትዮ?"

ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖሩ። ከዚያ በመጋቢት ወር አንድ ማክሰኞ፣ ራውኖ ጭነቱን አራግፎ መኪናው ላይ ሊወጣ እግሩን እንዳነሳ ልቡ ቆመ። ስድሳ አንድ ዓመቱ ነበር።

ሄልቪ ከቀብሩ በኋላ ወደዚያ ምግብ ቤት አልወረደችም። ሱቋ ከዚያው መንገድ ላይ ስለሆነ በበሩ ላለማለፍ ስትል በጓሮ በኩል ዞራ መግባት ለመደች። ሰዎች የሚናፍቀው ትልልቁ ነገር ይመስላቸዋል፤ በዓሉ፣ ጉዞው። እሷን የናፈቃት ግን ሲያላምጥ የሚያሰማው ድምፅ ነው። እሁድ ጠዋት ስትነቃ ገና ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ኮሪደሩ ላይ ቁልፉን እያንቃጨለ "ተነሺ እንጂ፣ ቦታ ይያዝብናል!" እስኪላት ትጠብቀዋለች። ቤቱ ዝም ይላል። ተነስታ ወደ ወጥ ቤት ትሄድና የእቃ ማጠቢያው ፊት ቆማ፣ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ፣ የቀዘቀዘ ድንች እንደ ሌባ ትጎርሳለች። ብቻዋን ሆና እንኳ ተቀምጣ መብላት አልቻለችም።

ሦስት ዓመት አለፈ። በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዴላኒ የምትባል የጥርስ ሐኪም ረዳት ቬሎዋን ለመጨረሻ ጊዜ ልትለካ መጣች። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ልጅቷ ልብሱን የገዛችው እስከዚያ ድረስ እከሳለሁ ብላ በሁለት ቁጥር አሳንሳ ነው። ሄልቪ ዚፑን ወደ ላይ ሳበችው፤ አራት ጣት ሲቀረው እምቢ አለ።

"ገና ነው፤ አሥር ቀን ይስጡኝ" አለች ዴላኒ። "ይገባል። እንዲገባ አደርገዋለሁ።"

"ልጄ፣ እኔ አሰፋልሻለሁ። የአንድ ቀን ሥራ ነው።"

"አይ፣ አይንኩት! እኔ ነኝ መጥበብ ያለብኝ።"

ይህን ብላ ሳትጨርስ ፊቷ ከልብሱ እኩል ነጣ። ልትወድቅ ስትል ሄልቪ በአፏ የያዘቻቸውን ስፒሎች ተፍታ በሁለት እጇ ደገፈቻት፤ ቀስ አድርጋም ምንጣፉ ላይ አስቀመጠቻት።

"ለመጨረሻ ጊዜ የበላሽው መቼ ነው?"

"ትናንት... አይ፣ ሐሙስ። አንድ ፖም።"

ሄልቪ ቬሎውን አወለቀችላት፤ ልብሷን አለበሰቻት፤ ካፖርቷን ደረበችላትና ሱቁን ዘግታ እየደገፈች ይዛት ወጣች። ቅርብ ያለው ምግብ ቤት የቱ እንደሆነ አላሰበችም። ደረጃው መሀል ስትደርስ የቅቤው ሽታ ሲመታት ነው የት እንዳለች የገባት። ልትመለስ ፈለገች። ግን ልጅቷ ክንዷ ላይ ተንጠልጥላለች።

ሳይማ ከባንኮኒው ጀርባ አየቻት። ጸጉሯ ጨርሶ ነጭ ሆኗል። የት ጠፋሽ አላለችም፤ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወንበር ሳበችላቸው።

"ለዚህች ልጅ ፓንኬክ፣ ቶሎ" አለች ሄልቪ።

ዴላኒ መጀመሪያ ጫፉን ቆንጥራ ቀመሰች፤ ቀጥሎ ደጋግማ ጎረሰች፤ ከዚያ እያለቀሰች መብላት ጀመረች።

"መስታወት ፊት ስቆም ራሴን ምን እንደምለው ቢሰሙ" አለች፣ አፍንጫዋን በመሀረብ እየጠረገች። "አሳማ እለዋለሁ። ከዚህም ይብሳል።"

"መንገድ ላይ አንዲት ሴትዮ አስቁማ እንዲህ ብትሰድብሽ ምን ታደርጊያታለሽ?"

"በጥፊ ነዋ!"

"ታዲያ እሷን ለምን ቤትሽ አስገብተሽ ታኖሪያታለሽ?"

ዴላኒ በእንባዋ መሀል ሳቀች። ከዚያ ቀና ብላ ሄልቪ ፊት ሳህን እንደሌለ አየች። "እርስዎስ? ለምን አይበሉም?"

"ለኔ ሻይ ይበቃኛል። ቤት ቀምሻለሁ።"

ቃሉ ሳትጠራው ነው የወጣው። ሳይማ የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዛ አጠገባቸው ቆማ ነበር። እጮኛዋ መጥቶ ዴላኒን በመኪና ከወሰዳት በኋላ መጥታ ሄልቪ ፊት ለፊት ተቀመጠች። በሥራ ሰዓት ስትቀመጥ ሄልቪ አይታት አታውቅም።

"አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አትቆጪኝ" አለች ሳይማ።

"ምን?"

"ራውኖ የሚያስተርፋት ቁራሽ ትዝ ትልሻለች?"

"እንዴት አትለኝም። በየሳምንቱ እጨቀጭቀው ነበር።"

"አንድ እሁድ አንቺ እጅሽን ልትታጠቢ ተነሳሽ፤ እኔ ሳህኑን ላነሳ መጣሁ። እጄን ያዘኝ። 'ተዪው ሳይማ፣ የሷ ነው' አለኝ። 'አትበላውም እኮ' አልኩት። 'እሱን እኔም አውቃለሁ፤ ግን አንድ ቀን እጇን ብትዘረጋ ባዶ ሳህን እንዳይጠብቃት' አለኝ። ከዚያ በኋላ እናንተ ደረጃውን ወጥታችሁ ሳታበቁ ያንን ሳህን አንስቼ አላውቅም።"

ሄልቪ የሻይ ስኒዋን በሁለት እጇ ያዘች።

"ለምን አልነገረኝም?"

"ቢነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?"

"እበላዋለሁ!"

"ለሱ ብለሽ። እሱ የፈለገው ደግሞ ለራስሽ ብለሽ እንድትበዪው ነበር" አለች ሳይማ፤ ጉልበቷን ይዛ ተነሳችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ያን ቀን ሄልቪ አልበላችም። ወደ ሱቋ ተመልሳ የዴላኒን ቬሎ ጎንና ጎኑን ፈታችው፤ ከውስጥ የተጣጠፈውን ትርፍ ጨርቅ አውጥታ ያልበቃውን በዳንቴል ሞላችው። መርፌው እየሄደ እንባዋ ይወርዳል፤ ነጩ ጨርቅ ላይ እንዳይንጠባጠብ በክንዷ ትጠርገዋለች። በሳምንቱ ዴላኒ መጥታ ስትለብሰው ዚፑ ያለ ትግል ወጣ። "መተንፈስ እችላለሁ" አለች ልጅቷ፣ እየተገረመች። ሠርጓ ላይ እስኪደክማት እንደጨፈረች ኋላ ሄልቪ ሰማች።

ከዚያ በኋላ በመጣው እሁድ ሄልቪ ብቻዋን ደረጃውን ወረደች። የራውኖን ወንበር ትታ በተለመደው በራሷ ቦታ ተቀመጠች። "ፓንኬክ" አለች፤ ድምፅዋ ስለቀጠነ ሳይማ ጎንበስ ብላ አስደገመቻት። ሳህኑ ሲመጣ ሰው ሁሉ የሚያያት መሰላት። የሚያያት ግን አልነበረም፤ አጠገቧ ያሉት ሽማግሌዎች ስለ በረዶ መጥረጊያ ማሽን ይከራከራሉ። በጆሮዋ ግን የታወቀው ድምፅ መጣ፤ ጭኗ የእንጨት ቆራጭ ነው የሚለው። ድምፁ የላይና መሆኑ ቀርቶ የራሷ ከሆነ ቆይቷል። አንዲት ሙሽራ ፊቷ ቆማ ይህን ብትላት ምን እንደምትመልስላት አሰበች። ለሌላ ሰው ሲሆን መልሱ ምላሷ ላይ ነው፤ ለራሷ ስትፈልገው ጠፋት። ሩቡን በልታ ተነሳች።

መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም። አንድ እሁድ ግማሹን በላች። ሌላ እሁድ ሙሉውን ጨርሳ ቤቷ ስትገባ ራሷን እየሰደበች ሰኞን ቀኑን ሙሉ ጾማ ዋለች። ሁለት ሳምንት ቀረች። በሦስተኛው ስትመለስ ሳይማ "ቦታሽን ለሌላ ልሸጠው ነበር" ብቻ አለቻት።

የካቲት ውስጥ፣ ውጭው ብርዱ ጆሮ በሚቆርጥበት አንድ ጠዋት፣ ፓንኬኩን በእርጋታ በልታ ጨረሰች። ጣቷ ላይ የቀረውን ማርማላታ ላሰች። ጣፈጣት። ሌላ ምንም ነገር በጆሮዋ አልመጣም፤ ጣፈጣት ብቻ። ቀና ብላ "ራውኖ፣ ይሄ ነገር እኮ..." ልትል አፏን ከፈተች። ወንበሩ ባዶ ነበር።

ናፍቆቱ የባሰባት ያን ቀን ነው። ድሮ የሚናፍቃት ሲበላ የምታየው ሰው ነበር። አሁን የናፈቃት አብሯት የሚበላ ሰው ነው፤ እሱን ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አግኝታው አታውቅም። አጠገቧ ተቀምጦ ስንት ዓመት ጠበቃት፤ እሷ ስትደርስ እሱ የለም። እዚያው ጠረጴዛው ላይ አለቀሰች። ሽማግሌዎቹ ክርክራቸውን አቁመው እንዳላየ ሰው ወደ ጣሪያው አዩ። ሳይማ መሀረብ አመጣችላትና "ራስሽን እንዳትረግሚ ብቻ" አለቻት። "ያኔ የቻልሽው ያንን ያህል ነው።"

ሄልቪ ይህን ቃል ለብዙ ሳምንታት ይዛው ዞረች። አንዳንድ ቀን ታምነዋለች፤ አንዳንድ ቀን አታምነውም።

ሰኔ ላይ መኪናዋን አስነስታ በሱፒሪየር ሐይቅ ዳር ወደ ምሥራቅ ነዳች። ከሁለት ሰዓት መንገድ በኋላ ውሃው ዳር አንዲት የእንጨት ቤት አለች፤ ያን ጠዋት የወጣ አሳ ጠብሰው የሚሸጡባት። ራውኖ ከሥራ በተመለሰ ቁጥር ስለዚያ አሳ ያወራላት ነበር፤ አብረን እንሂድ ባላት ቁጥር ደግሞ "በዘይት የተነከረ ነገር ለመብላት ይሄን ሁሉ መንገድ?" ትለው ነበር።

"ብቻዎን ነዎት?" አለቻት ተቀብላ የምታስተናግደው ልጅ።

"ብቻዬን ነኝ። ውሃው የሚታይበት ጥሩ ቦታ ስጪኝ።"

ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ያለ ጠረጴዛ ሰጠቻት። አሳው እየተንጣጣ መጣ። ሄልቪ መቀዝቀዙን ሳትጠብቅ ጎርሳ ምላሷን ተቃጠለች፤ ብቻዋን ሳቀች። ሥጋው ነጭ ነው፤ አጥንቱን በቀላሉ ይለቃል። ልክ እሱ እንዳለው። ሎሚ ጨመቀችበት። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሹራቧን እስከ አንገቷ ቆለፈች።

"ናፈቅከኝ" አለች፣ ድምፅዋን አውጥታ። ከማዶ የተቀመጡ ባልና ሚስት ዞር አሉ። ዓይኗን አልሰበረችም።

ልጅቷ ሳህኑን ልታነሳ መጣች። "ሌላ የሚጨመር አለ?"

ሄልቪ እንደ ልማዷ አይ ልትል ነበር። ቆም አለችና ሆዷን ጠየቀችው።

"ጣፋጭ ነገር ምን አላችሁ?"

"የብሉቤሪ ኬክ አለ። ገና አሁን ነው ከምድጃ የወጣው፤ ትንሽ ይጠብቃሉ።"

"እጠብቃለሁ" አለች ሄልቪ። ወንበሯን ወደ ውሃው አዞረች፤ ጫማዋን አወለቀችና እግሯን ፀሐይ ላይ ዘረጋች።