ስም ያልተጠራበት ጡሩምባ

የዓመቱ የፊልም ሽልማት አምልጦኝ አያውቅም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ልብስ ስፌት ቤት አለኝ፤ የሽልማቱ ዕለት የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ፣ በሩን ዘግቼ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ነው። ለማድነቅ ብቻ የምቀመጥ እንዳይመስላችሁ። የአልባሳት ዘርፍ ላይ ሲደርሱ ደሜ ይፈላል። አምና ያሸነፈው ፊልም ላይ ገበሬው ከእርሻ ሲመለስ ቁምጣው የካውያ መስመር ነበረው። ዳኞቹ አላዩትም፤ እኔ ግን ከዚህ ሆኜ አየሁት።

ዘንድሮ ሱቄን ዘግቼ ወደ ሉማሜ ሄድኩ። መዳረሻዬ ከዚያ ብዙ የማይርቀው የተወለድኩበት መንደር ነው። ካቻምና በመንደራችን የተቀረጸው ፊልም በምርጥ ዳይሬክተር ታጭቶ ስለነበር፣ አገሩ ሁሉ ራሱን በቴሌቪዥን ሊያይ የብርጓል ሻይ ቤት ተሰብስቧል። የቀረው አባቴ ብቻ ነው። እኔም ያን ያህል መንገድ የሄድኩት በሱ ጉዳይ ነበር።

አባቴ ይሄይስ ከጎልማሳነቱ ጀምሮ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ነበር። ሰው ሲሞት ጉብታው ላይ ወጥቶ ይነፋል፤ ከዚያ የሟቹን ስም ይጠራል። ስሙን የሰማ ማን እንደሞተ አውቆ ጋቢውን ደርቦ ይመጣል። የፊልሙ ዳይሬክተር ፍሥሐ ለለቅሶው ትዕይንት ጡሩምባውን እንዲነፋለት ሲለምነው፣ አባቴ መጀመሪያ ሰዉ ይነገረው አለ። ፍሥሐ በየጎጡ ሰው ልኬ አስነግሬያለሁ ብሎ ማለለት። በፊልሙ ላይ ሞተ የተባለውን ሰውዬ ስም ጥራ ሲለው ግን አባቴ እምቢ አለ። በዚያ ስም የሚጠራ በሕይወት ያለ ሰው አይጠፋም፤ በቁሙ ሞተ ማለት ሟርት ነው። ስለዚህ ስም ሳይጠራ ነፋ።

ለካ ለማንም አልተነገረም። ስም ስላልተጠራም ሁሉም የሞተው የኔ ሰው ነው እያለ እየጮኸ መጣ። እማማ ማርያማዊት ልጃቸው ታሞ ከርሞ ነበርና፣ እሱ ነው ብለው ሲሮጡ ወንዙ መሻገሪያ ላይ ወድቀው ክንዳቸው ተሰበረ። ካሜራው ይህን ሁሉ ቀረጸ።

በማግስቱ እድሩ ሲጠይቀው ፍሥሐ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ለሰዉ እነግራለሁ ብለው ኃላፊነቱን የወሰዱት ሽማግሌው ናቸው አለ። አባቴ እንዲህ አልወጣኝም አለ። አንዴ ተናገረ፣ አልደገመውም። የእድሩ ዳኛ ጋሽ አምሳሉ ጡሩምባውን ተቀበሉት። ከዚያ ወዲህ አባቴ ቀብር ላይ ከሁሉም ኋላ ነው የሚቆመው። ሰላምታ የነፈገው የለም፤ ነገር ግን ሲናገር የሚያምነው ጠፋ፤ ዝናብ ሊመጣ ነው ቢል እንኳ ቀና ብለው ሰማዩን ያያሉ።

እንግዲህ የኔ ተስፋ ፍሥሐ ካሸነፈ መድረክ ላይ የአባቴን ስም አንስቶ ያመሰግነዋል የሚል ነበር። ምስጋናው እንኳ ቢሆን የሰዉን ልብ ያራራ ይሆናል ብዬ ነው። ደግሞ ፊልሙ ጥሩ ነው፤ ተናድጄም ቢሆን አልክድም። ያ የለቅሶ ትዕይንት እንደ እኔ ብዙ ፊልም ያየ ሰው እንኳ አይቶት የማያውቀው ዓይነት ነው።

የከሰዓቱ ዝግጅት እንደ ልማዱ ዘግይቶ ተጀመረ። ቀይ ምንጣፉ ላይ የአንዷ ተዋናይት ቀሚስ ጫፉ በጥድፊያ ተሰፍቶ ክሩ ተንጠልጥሏል። መድረክ መሪው በራሱ ቀልድ ቀድሞ ይስቃል። ድምፅ ማጉያው በየመሀሉ ይጠፋል፤ ስፖንሰሮቹ ሲመሰገኑ ግን ጥርት ይላል። የአልባሳት ሽልማቱ ዘንድሮም ያለ ቦታው ሄደ። ስነጫነጭ የሻይ ቤቱ ባለቤት የብርጓል ሻዬን እያስቀመጠችልኝ፣ እንዲህ የሚያናድድሽ ከሆነ ለምን ታይዋለሽ አለችኝ። ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ ሳልነቅል ሻዬን ሳብኩ።

የዳይሬክተሮቹ ተራ ሲደርስ ከየፊልሙ ቅንጫቢ አሳዩ። የኛው ሲመጣ ሻይ ቤቱ በጫጫታ ተሞላ፤ ሁሉም ያ እኔ ነኝ፣ ያ የኔ በሬ ነው ይላል። ቀጥሎ እማማ ማርያማዊት ታዩ። አንድ ክንዳቸውን በሌላው ደግፈው፣ ልጃቸውን በስሙ እየጠሩ ወደ ካሜራው ይመጣሉ። ጫጫታው ቆመ። እማማ ማርያማዊት ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ዛሬም በደንብ የማይዘረጋውን ክንዳቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ።

ፖስታው ተከፈተ፤ ፍሥሐ አሸነፈ። ከሁሉም ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ፍሥሐ ዋንጫውን ይዞ እናቱን አመሰገነ፣ ባለሙያዎቹን አመሰገነ። አሁን የአባቴን ስም ይጠራል ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ።

«ለዚያ ለቅሶ ስንት አጃቢ ተዋናይ ቀጠርክ ይሉኛል» አለ ፈገግ ብሎ። «አንድም አልቀጠርኩም። ለማንም ሳልናገር ነው ጡሩምባውን ያስነፋሁት። ሽማግሌው እንኳ እሺ ያሉኝ ለሰዉ ተነግሯል ብዬ ምዬላቸው ነው። ቢያውቁ ኖሮ እንዲያ ያለቅሱ ነበር?»

አዳራሹ ሳቀ፤ ከዚያም ቆሞ አጨበጨበለት። እኛ ዘንድ የሳቀ የለም። የአባቴን ስም አልጠራም፤ ነገር ግን ስንመኘው የኖርነውን እውነት ብልጠት መስሎት እዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ዘረገፈው። ደስ አለኝ፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ዋንጫውን ነጥቄ ብሰብረው ደስ ባለኝ። ለሱ ያጨበጨብኩበት እጄ አስጠላኝ።

ጋሽ አምሳሉ ከወንበራቸው ተነሥተው ቴሌቪዥኑን ትኩር ብለው አዩት። ወጥተው ወደ ቤታቸው አቀኑ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ቀጣዩን ሽልማት ሳላይ ስነሣ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ጡሩምባውን ከቤታቸው ይዘው አባቴ ዘንድ ስንደርስ ገና አልመሸም ነበር። አባቴ ደጅ ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል። ጡሩምባውን በጋሽ አምሳሉ እጅ ሲያይ ገመዱን ጥሎ ተነሣ፤ ጋቢውንም አነሣ።

«ማን ሞተ?» አለ።

«ማንም አልሞተም» አሉ ጋሽ አምሳሉ። ከዚያ ፍሥሐ የተናገረውን አንድ በአንድ ነገሩት። በድለንሃል፣ እኔም ነገ እድሩን ሰብስቤ ይህንኑ እናገራለሁ ብለው ጡሩምባውን በሁለት እጃቸው ዘረጉለት።

አባቴ አልተቀበላቸውም። እኔ እንባዬ መጣ፤ አሁንም ቂም ይዟል ብዬ ፈራሁ።

«የማርያማዊት ክንድ እንዴት ሆነ?» ሲል ጠየቀ።

በደንብ አይዘረጋላትም አሉት። አባቴ ራሱን ነቀነቀ፤ ጋቢውንም ወደ ቦታው መለሰ።

«ማንም ካልሞተ ይህን ነገር ይዘህ በመንገድ አትሂድ፤ ያየህ ሰው ይደነግጣል» አለ። «ጋቢህ ውስጥ ሸፍነህ መልሰው። ሰው የሞተ ዕለት አምጣልኝ።»

ጋሽ አምሳሉ ጡሩምባውን ጋቢያቸው ውስጥ ከትተው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡት፤ ከዚያ በሰው ደጅ በኩል ሳይሆን በእርሻው ዳር ዞረው ሄዱ።