የቫልቭ አሥራ ሰባት ወፎች

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ጆሮ» ነው የሚለው። ሥራው ነዋ! ከተማዋ የምትጠጣው ውኃ ስልሳ ኪሎ ሜትር በረሃ አቋርጦ በቧንቧ ይመጣል። ጆሮ መስመሩን በእግሩ እየተከተለ፣ የብረት ዘንጉን አንድ ጫፍ ቧንቧው ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣል። የሚያፈስ ቧንቧ ድምፅ አለው። እሱ የሰማውን ይመዘግባል፣ ጥገና ክፍል መጥቶ ይደፍናል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ፍሳሽ አላመለጠውም ይባላል።

አንዱን ግን እያወቀ ትቶታል። ዘጠኝ ዓመት ሆነው፣ ቫልቭ አሥራ ሰባት ከሚባለው የውኃ መዝጊያ አጠገብ የቧንቧው መጋጠሚያ ላላና ውኃው ወደ ዝቅተኛው መሬት ወርዶ አንድ ክፍል ቤት የምታህል ኩሬ ሠራ። ጆሮ ሊመዘግብ እርሳሱን ሲያወጣ ወፎች መጡ፤ አሸዋ የመሰሉ፣ ቆቅ የሚያክሉ፣ መንጋ ሙሉ። እንስቶቹ ጠጥተው ሄዱ። ወንዶቹ ግን ውኃው ውስጥ ተቀምጠው የሆዳቸውን ላባ በደንብ አራሱና ወደ በረሃው በረሩ። ለምን እንደሆነ ለመረዳት አንድ ወር ፈጀበት። ጫጩቶቻቸው ገና መብረር አይችሉም፤ የሚጠጡት አባቶቻቸው በላባቸው ተሸክመው የሚወስዱላቸውን ውኃ ነው። ጆሮ ይህን ያየ ቀን ስም አወጣላቸው፤ ውኃ ቀጂዎቹ አላቸው። መዝገቡን «የሚቀጥለው ሳምንት እሞላዋለሁ» ብሎ ዘጋው። ያ የሚቀጥለው ሳምንት ሳይመጣ ዘጠኝ ዓመት አለፈ።

ቤተሰቡ ወፍ ማየቱን እንደ በሽታ ነበር የሚቆጥሩት። ሚስቱ «ባል አገኘሁ ብዬ ወፍ ጠባቂ አገባሁ» ትላለች። አንድ ልጁ ተማሪ ሳለች ጓደኞቿ «የወፉ ሰውዬ ልጅ» እያሉ ሲያበሽቋት አባቷን መንገድ ላይ አይታ እንዳላየች ታልፍ ነበር። አውቋል፤ ምንም አላላትም። እንዲህ ያለ ነገር ግን ከሆድ አይወጣም።

ልጅቱ አድጋ ማዘጋጃ ቤት፣ የእንግዶች ጉዳይ ክፍል ተቀጠረች። አንድ ቅዳሜ መጣችና ወንበሯን ወደ አባቷ ሳበች።

«አባዬ፣ ላስቸግርህ ነው። ወፍ ለማየት ለሚመጡ እንግዶች መምሪያ ላዘጋጅ ነው። ከተማው ውስጥና ዙሪያውን ጥሩ ጥሩ ቦታዎቹን ንገረኝ።»

ጆሮ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። በሃያ አራት ዓመቷ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ወፍ ጠየቀችው!

«የፍሳሽ ማጣሪያው ኩሬ» ብሎ ጀመረ። «ሽታውን ለቻለ ሰው፣ ከዚያ የሚበልጥ የለም። ቅልጥመ ረጃጅሞቹ ሁሉ እዚያ ናቸው። ከዚያ ቄራው ጀርባ፤ ጥንብ አንሣ እንደ ልብ ነው። መቃብሩ ዛፎች ላይ ቀና ብለው ካዩ ጉጉት አለ፤ ቀን ቀን ይተኛል። ቆሻሻ መጣያው ጉብታ ላይ ደግሞ ጭልፊት።»

«አባዬ! እንግዳ ወስጄ ቄራና ቆሻሻ መጣያ ላዙረው?»

«ወፍ እንደ እናንተ ቦታ አይንቅማ!»

ሳቀች። አብሯት ሳቀ። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «አንተስ? ከሁሉ የምትወደው የቱን ነው?» አለችው።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ወረቀቱን ከእጇ ወስዶ በገዛ እጁ ጻፈላት፤ «ከቫልቭ 17 በስተምሥራቅ ሁለት መቶ እርምጃ።» ለእሱ በረሃው ሌላ ስም የለውም፤ ድንጋዩንም ጥላውንም የሚያውቀው በቫልቭ ቁጥር ነው። እሷም የቦታ ስም መስሏት እንዳለ ገለበጠችው። ስለ ወፎቹና ስለ ዘጠኝ ዓመቱ ሁሉን ሲያወራላት፣ ኩሬው ከየት እንደመጣ ግን አልነገራትም።

መምሪያው በሁለተኛው ወር ታትሞ ወጣ። ስምንት ገጽ ነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ «ቫልቭ 17፦ ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ ኩሬ» ይላል፤ ስለ ውኃ ቀጂዎቹም በሰፊው ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ በደማቅ ቀለም እንዲህ ይላል፤ «ይህን ቦታ ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት በየሳምንቱ ለተከታተለው የውኃ መስመር ተቆጣጣሪ፣ ለአባቴ፣ ምስጋናዬ ይድረሰው።» ጆሮ መምሪያውን የሥራ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ይዞ ዋለ። ሻይ በጠጣ ቁጥር ያወጣና ያቺን መስመር ያነባታል። ምስጋና መሆኗን እንጂ ምስክር መሆኗን አላሰበም።

አለቃው ግን አስቦታል። በሦስተኛው ቀን አስጠራው፤ መምሪያው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። አለቃው ወጣት መሐንዲስ ነው፣ እስከዚያን ዕለት ጆሮን «እርስዎ» ነበር የሚለው።

«ቫልቭ አሥራ ሰባት ጋ ምንጭ አለ እንዴ?»

«የለም።»

«ታዲያ ይሄ የማይደርቀው ኩሬ ከየት መጣ? ከሰማይ ወረደ?»

አለቃው ጣቱን ምስጋናዋ ላይ አሳረፈ።

«ዘጠኝ ዓመት! ልጅህ በጽሑፍ መስክራብሃለች እኮ። እኛ ለየሰፈሩ በፈረቃ እያዳረስን፣ አንተ የስንት ቤት ውኃ አሸዋ ላይ ስታፈስ!» መሐንዲሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጡረታህ ሁለት ዓመት ስለቀረው ለበላይ አልጽፍብህም። ነገ ጠዋት ራስህ ትደፍነዋለህ። ከዚያ በኋላ ዕቃ ግምጃ ቤት ነህ። ዘንጉን አስረክብ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው። እሱ ቤት ሳይደርስ ወሬው ቦኖው ጋ ደርሷል። ሰፈሩ የመስመሩ ጫፍ ላይ ስለሆነ ውኃ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ነው፤ በመጣበትም ቀን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ የሚወጣ ግፊት የለውም። ስለዚህ ሚስቱ ከቦኖው በጀሪካን ቀድታ ደረጃውን ትወጣለች። ወገቧን ካመማት ቆይቷል። ጆሮ ሲገባ ጀሪካኑ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው።

«አንብብልኝ» አለችው፣ ኪሱ ውስጥ ያለውን መምሪያ እየጠቆመች። «መነጽሬ የለም።»

አነበበላት። ወፎቹ ውኃ ፍለጋ ከሩቅ እንደሚመጡ፣ ላባቸውን አርሰው ለጫጩቶቻቸው እንደሚያመላልሱ።

«ማነው የሚያመላልሰው?»

«ወንዱ።»

«ወንዱ?»

«አዎ፣ ወንዱ ነው።»

«ወንዱ!» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ተሰበረ። «እኔ እዚህ ደረጃ ላይ ወገቤ ሲቆረጥ፣ አንተ ባል ውኃ ሲቀዳ ቁጭ ብለህ ታይ ነበር። ዘጠኝ ዓመት!»

ያመላለሰችውን ጀሪካን አንድም ቀን ቁጭ ብሎ አይቶላት አያውቅም። ይህ አሁን ገና ገባው፤ ሲገባው ደግሞ አሳፈረው፣ ቀና ብሎ ሊያያትም አልቻለም።

በማግሥቱ ከጥገና ክፍል ሁለት ሠራተኞች ጋር ቫልቭ አሥራ ሰባት ደረሰ። ወፎቹ ጠጥተው እስኪሄዱ እንቆይ ብሎ ለመናቸው። «ከወፎቹ ፈቃድ እንቀበል እንዴ?» አለ አንዱ፤ ግን ቆዩለት። ወንዶቹ ሆዳቸውን አራሱ፣ ተነሡ፣ ሄዱ። ከዚያ ጆሮ የቫልቩ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ መጋጠሚያውን ጠበቅ ጠበቅ አደረገው። አርባ ደቂቃ አልፈጀም። ዘጠኝ ዓመት የለመደው የውኃ ድምፅ ቀጥ ሲል እዚያው ጉድጓድ ውስጥ እንባው መጣ። ሠራተኞቹ አቧራ ገብቶበት መሰላቸው።

በቀጣዩ ሳምንት ዓርብ ማለዳ፣ የቤቱን ቧንቧ ራሱ ከፈተው። የወፎቹን ውኃ ዘግቷል፤ ቢያንስ እዚህ ይምጣ እንጂ! ቧንቧው አንዴ ተነፈሰና ዝም አለ። ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ አዳመጠ። ከውስጥ ምንም የለም።

«ሌላ ቦታ የሚጠጣ ወፍ አለ መሰለኝ» አለች ሚስቱ።

ጀሪካኑን አንሥቶ ወረደ። ቦኖው ጋ የተሰለፉት ሴቶች ሲያዩት ተጠቃቀሱ። «ዛሬስ ወንዱ መጣ!» አለች አንዷ፣ ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። ወረፋውን ጠብቆ ቀዳ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ስልኩ ጮኸ። ልጁ ናት።

«አባዬ፣ ምን አድርጌህ ነው? አሥራ አራት እንግዳ ይዤ እዚህ በረሃ ላይ ቆሜያለሁ። ኩሬው የት አለ? የተሰነጠቀ ጭቃ ነው ያለው! ወፎቹ መጥተው ደረቅ መሬት ላይ ሆዳቸውን እያሹ ነው፤ እንግዶቹ ምን ሆነው ነው ይሉኛል። ምን ልበል?»

ጆሮ ጀሪካኑን ደረጃው ላይ አስቀመጠ። ከላይ ሚስቱ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ቁልቁል ታየዋለች።

«ተሳስቼ ይሆናል» አለ። «አርጅቻለሁ ልጄ። ቦታው ተምታቶብኝ ይሆናል።»

«ተምታቶብኝ? አምኜህ እኮ ነው ያሳተምኩት! ድሮም አንተን የጠየቅኩ እኔ...» ስልኩ ተዘጋ።

«ለምን አትነግራትም?» አለች ሚስቱ።

«ምን ብዬ? ምስጋናሽ ነው ያስያዘኝ ልበላት? ሆድ ይፍጀው።»

ሚስቱ ወረደችና የጀሪካኑን እጀታ በአንድ በኩል ያዘች። አብረው ተሸክመው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ስለ ወፍ ጠይቃው አታውቅም። ስትመጣ ስለ ጤናው ትጠይቀዋለች፣ ቶሎ ትሄዳለች። ማዘጋጃ ቤቱ የቀሩትን መምሪያዎች አልጣላቸውም፤ ቫልቭ 17 ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፎ ያድላቸዋል። ወረቀቱ ትንሽ ሰፋ ተደርጎ ስለተቆረጠ ከሥሩ ያለችውን ምስጋናም ሸፍኗታል።