የቀረፋው ምርመራ

የልጅ ልጄ እኔ ቤት ቀረፋ ያለበት ሻይ ጠጥታ ከንፈሯ ቡፍ ብሎ አበጠ። ሐኪሙም፣ «አለርጂው ከቀረፋው መሆኑን በደም እናጣራ» ብሎ ላብራቶሪ ላከን።

ባለሙያዋ መርፌውን ስታዘጋጅ የልጅቷ እንባ ዱብ ዱብ አለ። አንጀቴ አልችል ቢለኝ እጅጌዬን ሰብስቤ የራሴን ክንድ ዘረጋሁ።

«ከእኔ ቅጂ፣ ልጄ። ያው ደሟ ደሜ አይደል?»

«እማማ፣ የእርስዎ ደም ስለ እርስዎ ብቻ ነው የሚናገረው» አለችኝ ሳቋን እየዋጠች።

«እኔ እኮ መርፌውን አልፈራሁም» አለች የልጅ ልጄ። «ቀረፋ ነው ካሉ ግን እማዬ ሁለተኛ አንቺ ቤት አትልከኝም። ቤትሽ ሁሉ ቀረፋ ቀረፋ ነው የሚለው።»

እኔ ስለ ደሟ ስብሰለሰል፣ እሷ ለካ የምታለቅሰው እንዳትለየኝ ነው።

«ከሆነማ ከቤቴ የሚወጣው ቀረፋው ነው። አንቺን ማን ነክቶሽ?»

«ያለ ቀረፋ ሻይ አይጥመኝም ትዪ የለ?»

«አንቺ አጠገቤ ካለሽ ሙቅ ውሃውም ይጥመኛል።»

እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገችና ክንዷን ራሷ ዘረጋች። መርፌው ሲገባ ዓይኔን የጨፈንኩት እኔ ነኝ።