ሁለት ጣት ያጋደለ ባነር

«ቀጥ ብሏል?»

ሰውየው መሰላል ላይ ቆሞ፣ የገመዱን ጫፍ በብብቱ ሸጉጦ ነበር የጠየቃት። ጋራም ከመንገዱ ዳር ቀና ብላ አየች። በሁለት የጊንኮ ዛፎች መካከል፣ ስድስት ሜትር በሚሆን ቢጫ ጨርቅ ላይ፣ የራሷ ስም ተንጠልጥሏል።

«እንኳን ደስ ያለሽ ፕዮ ጋራም! የአሜሪካው ዝነኛ የአርክቴክቸር ትምህርት ቤት ተማሪ!» ይላል። ከሥሩ የትምህርት ቤቱ ስም በቀይ፣ ከዚያም በሚበልጥ ፊደል ልጅቷን ለመግቢያ ያዘጋጃት የግል ማሠልጠኛ ስልክ ቁጥር።

«አንቺን እኮ ነው የኔ ልጅ፣ ቀጥ ብሏል ወይ?»

ባነሩ ወደ ቀኝ ማጋደሉ በግልጽ ይታያል። «ቀኙን ከፍ ያድርጉት» ብትል ነገሩን እንደተቀበለች ይቆጠርባታል። «ያውርዱት» ብትል ደግሞ ሰውየው ምን አጠፋ?

ጣጣው፣ ጋራም የት እንደምትማር ገና አልወሰነችም ነበር። ሁለት ትምህርት ቤቶች ተቀብለዋታል፣ የመልስ መስጫው የመጨረሻ ቀን ደግሞ ነገ ነው። አንደኛው በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ የሚገኝ፣ የምትኖርበት የቴጉ ከተማ ታክሲ ነጂዎች ሳይቀሩ ስሙን የሚያውቁት ነው። ሁለተኛው እዚያው አሜሪካ፣ መሀል አገር ነው። ከሰማይ የተነሳ ፎቶው ላይ በአራቱም አቅጣጫ የበቆሎ ማሳ እንጂ ሌላ ስለማይታይ ቤተሰቡ «የበቆሎው» ብሎ ሰይሞታል። የሚሰጧት የትምህርት ድጋፍ ከሞላ ጎደል እኩል በመሆኑ በገንዘብ እንኳ ማሳበብ አልተቻለም። አሥራ አራት መመዘኛ ያለው ሠንጠረዥ ሠራች፤ ሰባት ለሰባት ወጡ። አሥራ አምስተኛ ጨመረች፤ ለሁለቱም ግማሽ ግማሽ ሰጠች።

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወደ ማሠልጠኛው ወጣች።

«ዳይሬክተር! እኔ እኮ ገና አልወሰንኩም!»

«አውቃለሁ» አሉ ዳይሬክተር ናምጉንግ፣ የሕንፃ ሞዴል የሚሠራበትን ፎም ፍርፋሪ ከሹራባቸው ላይ እያራገፉ። «ስለዚህ እኔ ወሰንኩልሽ።»

«የበቆሎውን ብመርጥስ?»

«እናቶች ይህን ደረጃ ሲወጡ ምን አይተው የሚወጡ ይመስልሻል? የሠራችሁትን ሞዴል? ባነሩን ነው! እና ባነሩ ላይ በቆሎ ልጻፍላቸው?»

«ቢያንስ አንድ ቀን ቢጠብቁኝ ኖሮ...»

«ማዶ ያለው ማሠልጠኛ ሦስት ሰቅሏል! አንደኛው ልጅ ገና አሥራ አንደኛ ክፍል ነው!» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጋራም፣ ጣትሽን በመቁረጫ የቆረጥሽ ጊዜ ሆስፒታል ተሸክሞ ያደረሰሽ ማነው?»

«እርስዎ።»

«የቀረውን ሞዴልስ የለጠፈልሽ?»

«እርስዎ።» አንዱን ግድግዳ ገልብጠው እንደለጠፉት አልነገረቻቸውም። ነግራቸውም አታውቅ።

«እንግዲህ!» አሉ ዳይሬክተሩ፤ ነገሩ በዚህ አለቀ።

ያኔ ነው ስልኳ መንጫጫት የጀመረው። የባነሩ ፎቶ፣ ማን እንደላከው ሳይታወቅ፣ እናቷ ኪምቺ የሚሉትን የኮመጠጠ ጎመንና የተቀቀለ አትክልት በምትሸጥበት በሶሙን ገበያ የነጋዴዎች የመልእክት ቡድን ውስጥ ገብቷል። ጋራም ሁልጊዜ ቅዳሜ እንደምታደርገው የአባቷን ምሳ ልትወስድ ገበያው ስትደርስ ገና ከመግቢያው የካልሲ ሻጯ አቀፈቻት፣ አሳ ሻጩ ከእነ ጓንቱ እጇን ጨበጣት። እናቷ ጠረጴዛዋ ላይ በተከመረ ባዶ ካርቶን መሀል ቆማለች። ፊቷ እንደ ሠርግ ቀን ያበራል።

«እማ፣ ይሄ ካርቶን ምንድነው?»

«የሩዝ ኬክ ነበረበት! ከላይ ጫፍ እስከ ታች ጫፍ አዳረስኩት። ሁለት መቶ ሰው!»

«አልወሰንኩም ብዬሽ አልነበር?»

«ባነሩ ላይ ተጽፎ!»

«እማ፣ ባነሩን እኔ አልጻፍኩትም።»

እናቷ ዙሪያዋን ቃኝታ፣ ልጇን በክንዷ ይዛ ከኪምቺው በርሜል ጀርባ ጎተተቻት። «ጋራም፣ ስሚኝ። ሰው በልቷል። የዶንግ-ሁን እናት፣ ስድስት ዓመት ያኮረፈችኝ ሴትዮ፣ ሦስት ቁራጭ በልታ ‹ልጅሽ አኮራችን› አለችኝ። አሁን ምን ብዬ ከሆዷ ላውጣው?»

«ኬኩ ለኔ ማለፍ ነው እንጂ ለትምህርት ቤቱ አይደለም።»

«ለምን እንደሆነማ እየተናገርኩ ነው ያደልኩት!» የምሳ ዕቃውን እጇ ላይ አስቀመጠችላት። «ሂጂ፣ ለአባትሽ አድርሺ። ሳይቀዘቅዝ። ስለ በቆሎ ደግሞ እዚህ ገበያ ውስጥ እንዳትተነፍሺ።»

አባቷ ኪቴክ በከተማው ጫፍ፣ በአንድ አዲስ አፓርታማ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የመታጠቢያ ቤት ወለል እያነጠፈ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሴራሚክ አንጣፊ ሆኖ ኖሯል። ጉልበቱ ላይ የታሰረው መከላከያ ከሰውነቱ ጋር አብሮ የተፈጠረ ይመስላል። የጎማ መዶሻውን አስቀምጦ እጁን በሱሪው ጠረገና ስልኳን ተቀበለ። የባነሩን ፎቶ በሁለት ጣቱ አሰፋው። አራቀው። አቀረበው።

«ቀኙ ዝቅ ብሏል» አለ።

«አባዬ!»

«ሁለት ጣት። ውሃ ልክ የለውም እንዴ ሰውየው?»

ጋራም የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። አባቷ ምሳውን ከፍቶ የኮመጠጠውን የራዲሽ ሥር እያኘከ «የመጨረሻው ቀን ነገ ነው?» አላት።

«ነገ።»

«በእነሱ ነገ ወይስ በኛ?»

«በእነሱ።»

«አሜሪካ አሁን ገና ሌሊት ነው፤ ጊዜ አለሽ፣ ብዪ።» አንድ ቁራጭ በመብያ ዘንጉ አንስቶ አጎረሳት። «እንግዲህ ንገሪኝ። ያ በቆሎ ምን አለው?»

«የመጀመሪያው ዓመት ላይ ተማሪዎቹ ራሳቸው በእጃቸው ቤት ይሠራሉ። ጡብ ይደረድራሉ፣ ወለል ያነጥፋሉ።»

አባቷ ማኘኩን አቆመ። «ወለል?»

«ወለል።»

«አሜሪካ ድረስ ሄደሽ? ወለሉማ እዚህ አለልሽ፣ በአውሮፕላን መሳፈር ምን አስፈለገ!» ጉልበቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። «እኔ ሠላሳ ዓመት ተንበርክኬ የሄድኩት አንቺ ቆመሽ እንድትሄጂ ነበር።»

ጋራም ከቦርሳዋ ሁለቱን ደብዳቤዎች አወጣች። የምሥራቁ ወፍራም ወረቀት ላይ የታተመ ሲሆን የበቆሎው አንድ ገጽ፣ በአንድ አስተማሪ የእጅ ጽሑፍ የተሞላ ነው። ሁለቱም የሚናገሩት ለማመልከቻዋ ሠርታ ስለላከችው ሞዴል፣ ስለ አንድ የሰፈር የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ነው።

«የምሥራቁ ምን ይላል?» አለ አባቷ።

«ስለ ብርሃኑ። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን የዝምታን ትዝታ ይቀሰቅሳል ይላል።»

«ምኑን?»

«የዝምታን ትዝታ።»

«እሺ። ስለ ውሃውስ?»

«ስለ ውሃ ምንም አላሉም።»

«መታጠቢያ ቤት አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ውሃው ታዲያ የት ይሂድ?»

ጋራም የበቆሎውን ደብዳቤ ዘርግታ ቀስ እያለች ተረጎመችለት። «‹የወለልሽ አራት ጥጎች በሙሉ ወደ መውረጃው ያጋድላሉ። ሞዴሉ ላይ ጠብታ ውሃ አፍስሼ ሞከርኩት፤ ሄደ። ሃያ ዓመት ሙሉ የአመልካቾችን ሥራ ሳይ ስለ ውሃ ያሰበ ሰው አላጋጠመኝም። ይህን ማን አስተማረሽ?›»

አባቷ ዘንጉን አስቀመጠ።

«አፍስሶ ሞከረው?»

«እንደዚያ ነው የሚለው።»

«በካርቶን ላይ?»

«በካርቶን ላይ።»

«ሞኝ ሰው ነው» አለ አባቷ፤ ግን አነጋገሩ የስድብ አልነበረም። «ምን ብለሽ መለስሽለት?»

«አልመለስኩም። የአባትሽ ሥራ ምንድነው ሲሉሽ ‹በግንባታ ዘርፍ› ብለሽ እለፊው አላልከኝም?»

አባቷ ተነሳ። እሷን ከባልዲው አስነሥቶ ከቧንቧው ውሃ ቀዳበትና፣ ትናንት አንጥፎ ያደረቀው ወለል ላይ በአንድ ጊዜ ደፋው። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩ። ውሃው ከሦስት ጥግ እየተንደረደረ ወደ መውረጃው ገባ። ከበሩ ሥር ግን አንድ መዳፍ የምትሞላ ኩሬ ተኝታ ቀረች። አልንቀሳቀስም አለች።

«ይሄን ጥግ ማነው የሠራው?» አለ አባቷ ተቆጥቶ።

«አንተ።»

«ትናንት ጉልበቴን አሞኝ ነበር።»

«አንድ ሴራሚክ ብቻ ነው። በመውረጃው በኩል ያለው ጠርዙ ከፍ ብሏል።»

ውሃ ልኩን አምጥቶ አስቀመጠ፤ የአየር አረፋዋ ልክ ልጁ ከፍ ብሏል ወዳለችው ጎን ሸሸች። አባቷ ለረጅም ጊዜ አረፋዋን ተመለከተ። ከዚያ ከመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ትርፍ የጉልበት መከላከያ አውጥቶ ወረወረላት።

«ጠጋ በይ። ይህን የምነቅለው ለብቻዬ አይደለም።»

«ምሳህስ?»

«ቀዝቅዟል አይደል? ከዚህ በላይ የት ይደርሳል።» መሮውን እያነሳ፣ ፊቱን ወደ ወለሉ አድርጎ ቀጠለ። «ለእናትሽ እኔ እነግራታለሁ።» አንዴ መታ። «አይ፣ አንቺ ንገሪያት። የኬኩ ነገር አለ።»

ጋራም መከላከያውን ከማሰሯ በፊት ስልኳን አወጣች። የበቆሎውን ድረ ገጽ ከፍታ «እቀበላለሁ» የሚለውን ነካች። ሠንጠረዡ ትዝ አላት፤ አሥራ ስድስተኛ መመዘኛ ለመጨመር አልፈለገችም። ለአስተማሪው በአንድ መስመር መለሰችለት፦ «አባቴ ነው። ሴራሚክ አንጣፊ ነው።»

ከዚያ ወደ ዳይሬክተር ናምጉንግ ጻፈች። ሁለት ጊዜ አጥፍታ በሦስተኛው ላከችው፦

«ዳይሬክተር፣ የበቆሎውን መረጥኩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስለ ጣቴም ስለ ሞዴሉም አመሰግናለሁ። ባነሩን ቢያወርዱልኝ ደስ ይለኛል። የማይቻል ከሆነ ደግሞ ቀኙን ሁለት ጣት ከፍ ያስደርጉልኝ።»

መልእክት እስኪነበብ ድረስ ጎኑ ላይ የምትቆመው ትንሿ «1» ወዲያው ጠፋች። ዳይሬክተሩ አንብበውታል። ጋራም አንድ ጉልበቷን ወለሉ ላይ አድርጋ ጠበቀች፤ አባቷ መሮውን አስደግፎ እስክትመጣ ጠበቀ።

መልስ አልመጣም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም። የክረምቱ ዝናብ መጥቶ ገመዱን እስኪበጥሰው ድረስ ስሟ በጊንኮዎቹ መካከል ከረመ፣ ወደ ቀኝ ሁለት ጣት እንዳጋደለ።